ሸክሙን ከጀርባ ለማውረድ፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ለገበሬ ማኅበራት የሚያስተምረው

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ቁልቁለት ለብዙ ዘመን ሦስት ዓይነት መንገደኛ ሲያስተናግድ ኖሯል። አንደኛው ጸበል ለመጠመቅና ለመሳለም በእግሩ የሚወጣው ምእመን ነው። ወር በገባ በ16ኛው ቀን፣ ይልቁንም የየካቲት 16 ዓመታዊ በዓል ሲከበር፣ ዳገቱ በነጠላ ለባሽ ይሞላል። ሁለተኛው ከተራራው ማዶ ካለው ገጠር ኩበት፣ ገብስና ድንች በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ነው። ሦስተኛዋ ወገቧ እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝላ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ጥግ ጥጉን የምትወርደው እንጨት ተሸካሚ ናት።

ስለ ትራንስፖርት ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ መኪና ነው። ስንት አውቶቡስ ገባ፣ ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተነጠፈ ተብሎ ይጠየቃል፤ ሪፖርቱም በዚሁ ይሞላል። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት መንገደኞች ግን አብዛኞቹ በመኪና አይሄዱም። ሆኖም ሰውም ዕቃም ያጓጉዛሉ፤ ከተማውን ይመግባሉ፤ የከተማውን ምድጃ ያነድዳሉ። በጀርባና በአህያ የሚጓዘው ጭነት በትራንስፖርት እቅድ ውስጥ ሳይቆጠር መኖሩ ዋናው ስሕተት ነበር።

ይህ ስሕተት የከተማ ብቻ አይደለም። በማናቸውም የገጠር ቀበሌ፣ ሕዝቡ በልማድ ገበሬ ማኅበር በሚለው አካባቢ ሁሉ፣ ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ቤት የሚደረገው ማጓጓዝ በአብዛኛው በሰው ጀርባና በእንስሳ ነው። ስለዚህ የእንጦጦ ታሪክ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሩቅ ወሬ ሳይሆን የራሳቸው ጉዳይ ነው።

የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ይህን ሸክም ለማቃለል ሲነሡ ብቻቸውን የሠሩት ጥቂት ነው። በአስተዳደሩና በሕዝቡ መካከል የሚገባ አገናኝ ያስፈልጋል። አገናኝ ሲባል የሕዝቡን ችግር ጽሕፈት ቤቱ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ፣ የጽሕፈት ቤቱን እቅድ ደግሞ ወደ ሕዝቡ የሚያወርድ፣ የሚያጠና፣ የሚያሠለጥን፣ ገንዘብ የሚያፈላልግ አካል ማለት ነው። የመንገድ ሥራ ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ዕድር፣ የጥናት ተቋም ወይም የልማት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ጥሩ አገናኝ ሥራን ያፋጥናል፤ አያያዙን ካላወቁበት ግን ሥራው ከአገናኙ ጋር አብሮ መጥቶ አብሮ ይሄዳል።

ተራራውና ባሕር ዛፉ

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን አስቀድመው በዚሁ ተራራ ላይ ቆርቁረው ነበር። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ወደ ሜዳው ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላ ሕዝቡ በዛ፤ በአካባቢው የነበረው የአገር በቀል ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከውጭ ገብቶ ባይተከል ኖሮ ከተማው የማገዶ እጥረት ገፍቶት ሌላ ስፍራ ይፈልግ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ባሕር ዛፉ ቶሎ አደገ፤ ሲቆረጥም እንደገና አቆጠቆጠ፤ ከተማውም በቦታው ጸና።

ይሁን እንጂ ዛፉ ያለው ላይ፣ ምድጃው ያለው ታች ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁልቁለት የሚያገናኘው የሰው ጀርባና አህያ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ቀድሞ በባለርስት እጅ የነበረው የባሕር ዛፍ ደን ወደ መንግሥትና ወደ ገበሬ ማኅበራት ይዞታ ተዛወረ። ጥበቃም ተመደበለት። ከዚያ በኋላ ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ሁለት ነገር ትሸከም ጀመር፤ አንደኛው እንጨቱን፣ ሁለተኛው የጥበቃውን ፍርሃት። ቀን የሚያስይዘውን መንገድ ትታ ሌሊት በጫካው ውስጥ፣ በገደሉ አፋፍ መውረድን መረጠች።

ወደዚህ ሥራ የገቡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ፣ ከጀርባቸው በቀር መነሻ ሀብት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። እናት ስትደክም ልጅ ትተካለች። ከገጠር ለመሰደድ የሚነሣ ሰው ከተማ ደርሶ ምን እንደሚጠብቀው ለማወቅ የሚሻ ማኅበር ቢኖር የእንጦጦን ቁልቁለት ማየት ይበቃዋል።

ሸክሙ ሲመዘን

ይህ ሸክም ለብዙ ዓመታት ታይቶ እንዳልታየ ቆየ። በመጀመሪያ በሚገባ የታየው አንድ አገናኝ መካከል ገብቶ ሲመዝነው ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ አካባቢ በአዲስ አበባ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ላይ የጀመረው ሥራ ነበር። የጥናቱ ባለሙያ የፍቅርተ ኃይሌ ጽሑፍም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በድርጅቱ ታትሞ ወጥቷል።

በዚህና በሌሎች ጥናቶች የተገለጸው ነገር ግልጽ ነበር። አንዲት ሴት የምትሸከመው እንጨት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 50 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ወደ ገዛ ክብደቷ የሚጠጋ ነው። የቀኑ ጉዞዋ ደርሶ መልስ ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እርጉዝ ሆና የምትሸከም አለች። የወገብ ሕመም፣ መውደቅና መሰበር የሥራው ጓደኞች ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ማንም የማይቆጥራቸው እነዚህ ሴቶች ለከተማው ከሚቀርበው ማገዶ ከፍ ያለውን ድርሻ ያወርዱ የነበሩ መሆናቸው ነው። በመኪናና በአህያ ከሚገባው ጎን ለጎን በጀርባ የሚገባው ጭነት ትልቅ የትራንስፖርት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ቀላል ነው። ያልተመዘነ ሸክም በእቅድ ውስጥ አይገባም። አንድ የገበሬ ማኅበር መሪ ወደ ወረዳው ሄዶ «ሕዝባችን በመንገድ እጦት ተቸግሯል» ቢል እንደ ሌላው ሁሉ ተሰምቶ ይመለሳል። ነገር ግን «በማኅበራችን ይህን ያህል አባወራ አለ፤ ወፍጮው ይህን ያህል ሰዓት ይርቃል፤ በሳምንት ይህን ያህል ኩንታል በሴቶች ጀርባ ይሄዳል፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ይህን ያህል ቀን ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ አይቻልም» ቢል የሚይዙት ነገር ይሆናል። ለዚህ ምሁር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ ሚዛንና ሁለት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች ይበቃሉ።

ማኅበሩ የሠራውና ያልደረሰበት

ከጥናቱ በኋላ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሠፈሮች አባሎቹን አሰባስቦ ከሸክም ወደ ሽመና እንዲዛወሩ አደረገ። የአንገት ልብስ፣ ነጠላና ሌላም የእጅ ሥራ እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ጀመሩ። ቀድሞ በጥበቃ የሚባረሩ የነበሩ ሴቶች ማኅተም ያለው ማኅበር ሲኖራቸው ከአስተዳደሩ ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ በቁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻዋን የምትሸከም ሴት የምትለምን ናት፤ የተደራጀች ሴት የምትጠይቅ ናት።

ነገሩን በሚዛን ለማየት ግን ያልሆነውንም መናገር ይገባል። ሽመናው የደረሰው ለጥቂቶቹ ነው። የከተማው ምድጃ እንጨት መፈለጉን አላቆመም፤ ከገጠር የሚመጣውም ችግረኛ አልቆመም። ስለዚህ አንዷ ከመንገዱ ስትወጣ ሌላዋ ተተካች። የተሸካሚዋ ኑሮ ሲሻሻል የሸክሙ መንገድ ግን እንደነበረ ቀረ። ለአህያ የተመቸ የጋማ መንገድ፣ ሕጋዊ የጭራሮ መሰብሰቢያና የማራገፊያ ቦታ፣ በጋራ የሚያዝ የጭነት እንስሳ በሰፊው አልተዘጋጀም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ጥበቃው የቀጣው የሸክሙን ምክንያት ሳይሆን ሸክሙን የተሸከመችውን ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ በተራራው ላይ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ የመዝናኛ ስፍራም ሆኗል። ደኑን የሚያዝናና ሰው ሲበዛ ደኑ ጠባቂ ማግኘቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በጫካው ይኖሩ የነበሩ ድሆች የሚያገኙት ሌላ መተዳደሪያና በርካሽ የሚያበስሉበት ኃይል ካልተዘጋጀ ሸክሙ ወደ ሌላ ተራራ ይሻገራል እንጂ አይጠፋም። በደን አጠገብ ያሉ ማኅበራት ሁሉ ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ከተማው እግረኛውን መቁጠር ሲጀምር

በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑ በከተማው የትራንስፖርት ጥናቶች ተረጋግጧል። ይህ እየታወቀ ለብዙ ዓመታት መንገድ የሚሠራው ለመኪና ነበር፤ እግረኛው በተረፈው ጠርዝ ይሄዳል። በትራፊክ አደጋ ከሚሞተውም ሰው እግረኛው ትልቁን ቁጥር ይይዛል።

የከተማው አስተዳደር ይህን ለማረም ሲነሣ የትራንስፖርትና የልማት ፖሊሲ ተቋም የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ክፍሎችን በአገናኝነት አሠራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፉ ስትራቴጂ ተከተለ። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ እሑዶች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለሩጫና ለብስክሌት የሚለቀቁበት «መንገድ ለሰው» የተባለ ዝግጅት ተጀመረ።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ማኅበር የሚጠቅመው ግን አሠራሩ ነው። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ ሌላ አገናኝ ድርጅት ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አስቀድሞ በቀለምና በቀላል መከለያ ብቻ ለእግረኛ ቦታ ለየ። መኪናው እንዴት እንደሚዞር፣ እግረኛው እንዴት እንደሚሻገር ታየ። በርካሽ የተሞከረ ነገር ቢሳሳት በርካሽ ይታረማል። ለገጠሩም ቢሆን ድልድይ ከመሥራት በፊት የመሻገሪያውን ቦታ አንድ ክረምት በግንድ ሞክሮ ማየት ይህንኑ ጥበብ መከተል ነው።

ከተማው ሌላም ትምህርት አለው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የምሥራቁ መስመር እስከ አያት ይዘልቃል። ሲጀመር ብዙ ሺህ ሕዝብ በርካሽ ዋጋ አመላለሰ። በተከታዮቹ ዓመታት ግን በመለዋወጫ እጥረት ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆመዋል። በእጅ ያለ ነገር ጥገና ከሌለው የሐውልት ያህል ነው። የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ያየ ገበሬ ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በከተማው ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን አስገኝቷል። በአንጻሩ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ወደ ከተማው ጫፍ የሄደው ነዋሪ ወደ ሥራውና ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዘው ርቀት ጨምሯል። ስለዚህ የአንድ መንገድ መልካምነት የሚለካው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን ማንን እንዳቀረበና ማንን እንዳራቀ ነው።

ገበሬው ራሱ መንገድ ያወጣበት ዘመን

አገናኝ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋሙት የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትና የዓለምገና - ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ለዚህ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ነጋዴዎችና ሠራተኞች ገንዘብ አዋጡ። በገጠር ያለው ገበሬም ከኪሱ አዋጣ። ማኅበሮቹ የተሰበሰበውን ይዘው ከጊዜው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ተነጋገሩ። መንግሥት ብቻውን ቅድሚያ የማይሰጣቸው የነበሩ መንገዶች በዚህ መንገድ ተከፈቱ፤ ገበያም ቀረበ። ከተማ ያለው ልጅ ቢሮውን ያውቃል፤ ገጠር ያለው አባት መሬቱን ያውቃል፤ ማኅበሩ ሁለቱን አገናኘ።

ከ1989 ዓ.ም. በኋላ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የኅብረተሰብ ሥራ ብዙ መንገዶች ተጠርገዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተዘረጋ። በዚህ ፕሮግራም በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣት ተቋራጮችና አማካሪዎች ሠልጥነው ከወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤቶች ጋር እንዲሠሩ ተደረገ። ይህም በአስተዳደሩና በሕዝቡ መካከል የገባ ሌላ ዓይነት አገናኝ ነው።

ነገር ግን ጠጠር የለበሰ መንገድ የውኃ መውረጃው ካልተጠረገ ሁለትና ሦስት ክረምት ሲፈራረቅበት ይበላል። የመንገድ ዕድሜ የሚወሰነው በምረቃው ቀን ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ነው። ቦዩን በግንቦት የሚያስጠርግ፣ የተሸረሸረውን በመስከረም የሚያስሞላ ማኅበር መንገዱን ያቆያል። ያንን የማያደርግ ማኅበር በየአምስት ዓመቱ አዲስ መንገድ ሲለምን ይኖራል።

በአንድ በኩል ደግሞ መንገድ ብቻውን ሸክም አያወርድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በታንዛንያ ማኬቴ በተባለው ወረዳ የተካሄደ ጥናት አብዛኛው የገጠር ጉዞ በመንደሩ ዙሪያ ለውኃ፣ ለማገዶ፣ ለእርሻና ለወፍጮ እንደሚደረግ፣ የሸክሙም ትልቁ ድርሻ የሚወድቀው በሴቶች ላይ መሆኑን አሳየ። በዚያም የወረዳው አስተዳደርና የዓለም የሥራ ድርጅት ከመንደሮቹ ጋር ተባብረው የእግር መንገዶችን አሻሻሉ፣ አህያን አለማመዱ፣ ወፍጮን አቀረቡ። ወፍጮን ወደ ሰው ማቅረብም የትራንስፖርት ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ ብዙዎች ተረዱ። የኢትዮጵያ የገጠር ጉዞና ትራንስፖርት ፕሮግራምም በዚሁ ሐሳብ ወረዳዎች መንገድን፣ የእንስሳ ጋሪንና የአገልግሎት ቦታን በአንድነት እንዲያቅዱ የሚያበረታታ ነበር።

አህያዋ የማኅበሩ ንብረት ናት

በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት። ነዳጅ አትጠይቅም፣ መለዋወጫ ከውጭ አይመጣላትም፣ መኪና በማይገባበት ገደል ትሄዳለች። የሴትን ጀርባ ለማሳረፍ ከሁሉ የቀረበችው ማጓጓዣ እርሷ ናት። ሆኖም በብዙ ማኅበራት ስለ በሬ ስብሰባ ሲደረግ ስለ አህያ አይነሣም።

የእንስሳት ባለሙያዎች በአህያ ጀርባ የሚጫነው ከክብደቷ ሲሶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በደልዳላ መንገድ ግን ጋሪ ስትጎትት በጀርባዋ ከምትሸከመው ብዙ እጥፍ ትወስዳለች። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ በደንብ ካልተዘጋጀ ጀርባዋ ይላጣል፤ ገጣባ ይይዛታል፤ ገጣባ ያላት አህያ ደግሞ በሥራ ወራት ከበረት ትውላለች። ዘ ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባለው መነሻው እንግሊዝ የሆነ ድርጅት ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ለብዙ ዓመታት አህያን በማከምና ባለቤቶችን በማስተማር ሠርቷል። ይህም አንድ አገናኝ በቀላል ወጪ የሚሠራውን የሚያሳይ ነው።

አህያዋ ሌላም አደጋ አለባት። ለቆዳዋ የሚደረገው የውጭ ንግድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአህያን ቁጥር ቀንሷል፤ ዋጋዋንም አንሮታል። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሥራ የጀመረ የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቷል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ የአህያ ቆዳ ንግድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። ውሳኔው በሥራ ላይ የሚውለው ግን በየቀበሌው ነው። ሌሊት አህያ እየሰበሰበ የሚነዳ እንግዳ ነጋዴ ሲታይ ዝም የሚል ማኅበር በበጋው የሚጭንበት ያጣል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች እየበዙ ነው። ባለሦስት እግሮቹም ወደ ገጠር ከተሞች መድረሳቸው አይቀርም። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ መልካም ነው። ማኅበራት ግን ከመግዛታቸው በፊት መብራቱ በአስተማማኝ ይገኛልን፣ ባትሪው ሲያልቅ ማን ይተካል፣ ጠጋኙስ የት ነው ብለው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። ከባቡሩ የተገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል።

አገናኝ ሲመጣ ምን ይጠየቅ?

ወደ አንድ ማኅበር የልማት ድርጅት፣ የጥናት ቡድን ወይም አማካሪ ሲመጣ መሪዎቹ በአክብሮት ተቀብለው፣ ነገር ግን ጥቂት ጥያቄዎችን አስቀድመው ሊያነሡ ይገባል።

አንደኛ፣ የሚሠራው ነገር በወረዳው እቅድና በጀት ውስጥ ገብቷልን? ያልገባ ከሆነ ድርጅቱ ሲሄድ ሥራው ወላጅ አልባ ይሆናል። የእንጦጦው ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ አገናኙ ጥናቱን አጥንቶ ሴቶቹን አደራጀ፣ የማጓጓዣው መንገድ ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ቀረ።

ሁለተኛ፣ የተጠናው ነገር ግልባጭ ለማኅበሩ ይሰጣልን? የሕዝቡ ሰዓትና ላብ ተቆጥሮ ወረቀቱ ሌላ አገር ከሄደ ማኅበሩ የራሱን ችግር ለሌላ ቢሮ ማስረዳት ሲፈልግ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ከስብሰባው ሴቶች አሉበትን? መንገዱ በየት ይለፍ ሲባል ወንዱ ወደ ገበያ የሚወስደውን ይጠቁማል። ሴቲቱ ወደ ምንጩና ወደ ወፍጮው የሚወስደውን ታውቃለች። ሸክሙ በማን ጀርባ እንዳለ ሳይጠየቅ የሚወጣ እቅድ ሸክሙን አያወርድም።

አራተኛ፣ ጥገናው የማን ነው? በስም የተመደበ ኮሚቴ፣ የተወሰነ የሥራ ቀን፣ የታወቀ የመዋጮ መጠን መኖር አለበት። ይህ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ካልታተመ የሁሉም ሥራ ነው ተብሎ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

አምስተኛ፣ የሚጎዳ ሰው አለን? አዲስ መንገድ ማሳ ይቆርጣል፤ የደን ጥበቃ ጭራሮ ለቃሚዋን ያስቀራል። ለሚጎዳው ሰው ምን እንደሚደረግለት ሥራው ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ሥልጣን አያስፈልግም፤ የሕዝቡን ቃል ይዞ መቅረብ ይበቃል። ቅን የሆነ አገናኝ ጥያቄዎቹን በደስታ ይመልሳል። የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ማኅበሩ ጊዜውን አስቀድሞ ማትረፉ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል ስለ ትራንስፖርት የተነገረ ይመስላል። በእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርደው እንጨት ለአንዲት ሴት ጀርባ ከባድ ነው። የከተማው አስተዳደር የጋማ መንገድ ቢያወጣ፣ የደን ባለሙያው የተፈቀደ መሰብሰቢያ ቢከልል፣ ማኅበሩ አህያና ጋሪ በጋራ ቢይዝ፣ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ ምጣዱን ከእንጨት ቢያላቅቅ፣ አገናኙም እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጥ ክብደቱ ለእያንዳንዱ ጥቂት ይሆናል። የገጠሩም እንዲሁ ነው። ከመጪው ክረምት በፊት እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ቀን ወስዶ በአካባቢው የሚጓዘውን ሸክም ቢመዝን፣ ማን እንደሚሸከመውና ወዴት እንደሚሄድ በደብተር ቢያሰፍር፣ ወረዳው ሲጠይቀው ወይም አገናኝ ሲመጣ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል። የመንገዱ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ ገጽ ነው።